ድቀት ሲመጣ የስፖርት መኪና ዋጋ ማንን ይዞ ይወርዳል?

ጥያቄዬ ለመኪና ወዳጆች ነው። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ሰው ለስብስብ የሚገዛቸው የስፖርት መኪኖች፣ ፌራሪ በሉት ፖርሸ በሉት፣ መልሰው ሲሸጡ ዋጋቸው ምን ይሆናል? ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ ወገን ጠብቅ፣ ድቀት ሲመጣ በርካሽ ይበተናሉ ይላል። ሌላው ደግሞ እንደ ወርቅ ናቸው፣ አይወርዱም፣ ገንዘብህን ባንክ ከምታስቀምጥ ጋራዥ ውስጥ አቁመው ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ዋጋ የሚወርደው ለመሸጥ የተገደደ ሰው ሲበዛ ነው። በብድር የተገዛ መኪና በክፉ ቀን ገበያ ይወጣል። በራስ ገንዘብ የተገዛው ሸራ ለብሶ ቀን እስኪያልፍ ይቆማል።

የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። አንድ የቅርብ ወዳጄ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ያገለገለ ፌራሪ 360 ሊገዛ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ አትርፌ እሸጠዋለሁ ይላል። የምታውቁትን ንገሩኝ፣ እሱም ያነበዋል።

መልሱ ስለበዛ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ከዚህ በታች በተራ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

1. የመጀመሪያው መልስ ከለንደን ነው። ወንድማችን ሰላምታውን ካቀረበ በኋላ ቀጥታ ወደ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ወሰደን። በኦክቶበር 1987 የአክሲዮን ገበያው ሲንኮታኮት ገንዘብ ያለው ሰው በእጅ የሚጨበጥ ነገር ፍለጋ ወጣ። በኦገስት 1988 የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ሲሞት ደግሞ የፌራሪ ዋጋ ጣሪያ ነካ። በ1987 የወጣው ኤፍ 40 ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ወረፋው ራሱ ይሸጥ ነበር። አየር በአየር ንግድ ማለት ነው። ከዚያ ዋናውን ምሳሌ አመጣ። ከ1962 እስከ 1964 ባለው ጊዜ 36 ብቻ የተሠራው ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ1989 ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ 3 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ስለዚህ አይወርድም የሚል ሰው ይችን ቁጥር ይያት ብሎ ጨረሰ።

2. አጭር ነው። ሰውዬው በመልስ 1 ይስማማል፤ ኤፍ 40ውም በዘጠናዎቹ ውስጥ ከአዲስ ዋጋው በታች ይገኝ እንደነበር ጨመረ። በመጀመሪያ 400 ያህል ብቻ ይሠራሉ ተብሎ ነበር። በመጨረሻ ከ1,300 በላይ ተሠሩ። ብርቅ ይሆናል ብሎ የገዛ ሁሉ ያልጠበቀው ነገር ነው።

3. እዚህ ላይ እርማት መጣ፣ በጨዋ ቋንቋ። የዋጋው ንረት በኤንዞ ሞት አልተጀመረም ይላል። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት፣ በኖቬምበር 1987፣ አንድ የድሮ ቡጋቲ ሮያል መኪና ለንደን ውስጥ በጨረታ 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል። እሳቱን ያቀጣጠለው ርካሽ ብድርና የጠነከረው የጃፓን ገንዘብ፣ የን፣ ነው። እሳቱን ያጠፋውም ወለድ ነው። የጃፓን አክሲዮን ገበያ በ1989 የመጨረሻ የሥራ ቀን ጫፍ ደርሶ ከዚያ ቁልቁል ሄደ። እንግሊዝ ውስጥም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወለዱ 15 በመቶ ገብቶ ነበር። በዚያ ወለድ ተበድሮ ፌራሪ የገዛ ሰው መኪናው ቆሞ እያለ በየወሩ ይከስራል። ድቀቱ በይፋ ሳይታወጅ ሻጩ በዛ፣ ገዢው ጠፋ። እኔ ከዚህ የውይይት ክር ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል ይችን እመርጣለሁ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ድቀት የሚለው ቃል ላይ ተክሎ ወለዱን ይረሳዋል።

4. የጃጓር ኤክስጄ 220ን ታሪክ ያመጣው ሰው በርሚንግሃም አካባቢ መካኒክ ነው። ረጅም ነው የጻፈው፣ እኔም ላሳጥረው አልፈልግም። በ1988 በበርሚንግሃም የመኪና ትርዒት ላይ ጃጓር አንድ ናሙና አሳየ። ባለ 12 ሲሊንደር ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል ተባለ። ሰው ተሻምቶ 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ ከፈለ። ከከፈሉት ውስጥ ብዙዎቹ መኪናውን የመንዳት ሐሳብ አልነበራቸውም፣ ወረፋቸውን አትርፈው ሊሸጡ ነው። መኪናው በ1992 ሲደርስ ግን ባለ 6 ሲሊንደር ባለ ሁለት ተርቦ ሆኖ፣ የኋላ ጎማ ብቻ እየጎተተ፣ ዋጋውም ከ400 ሺህ ፓውንድ አልፎ መጣ። አገሩ ደግሞ ድቀት ውስጥ ነው። ቀብድ ከፋዮቹ አንወስድም አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ገንዘብ ከፍለው ከውሉ የወጡም አሉ። ያ ሁሉ ሰው የተሻማበት መኪና 300 እንኳ ሳይሞላ ምርቱ ቆመ፣ ያገለገለውም ለብዙ ዓመት ከ150 ሺህ ፓውንድ በታች ገዢ እየተለመነ ቆየ። ፈጣን መኪና አልነበረም እንዳትሉ፣ በዘመኑ ከዓለም ፈጣኖች አንዱ ነበር። ፍጥነት ዋጋን አላዳነውም ይላል መካኒኩ።

5. ከመልስ 4 ጋር ተያይዞ ሌላ ሰው ማክላረን ኤፍ 1ን አነሳ። በዚያው ድቀት ውስጥ የተወለደ ነው። 300 ይሠራል ተብሎ ታቅዶ በ1998 ምርቱ ሲቆም ሁሉም ተደምሮ 106 ብቻ ነበር። ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ያስከፍል ስለነበር በቂ ገዢ አጣ። ከዚያ በ2021 አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ድቀቱ ነው ብርቅ ያደረገው ይላል። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ያን ትርፍ ያየው ለ20 ምናምን ዓመት ያስቀመጠ ሰው መሆኑን አንርሳ።

6. አንዲት እህት ከዱባይ ጻፈች። በ2009 እዚያ መኪና የሚያጥብና የሚወለውል ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። የመኪኖቹ ባለቤቶች ሥራ አጥተው፣ የመኪና ብድራቸው ሳያልቅ፣ ቼካቸው ተመልሶ እስር ሲመጣ ቁልፉን ትተው በአውሮፕላን ሄዱ። አገሩ ላይ ያኔ ያልተሸፈነ ቼክ ወንጀል ነው። እሷ ያየችውን እንዲህ ነው የገለጸችው። መኪናው ላይ አቧራው ወፍሮ ቀለሙ አይለይም። መስታወቱ ላይ ሰው በጣቱ ስሙን ጽፎበታል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ይለጥፋል፣ ቀኑ ሲያልፍ ይጎተታል፣ በኋላ ጨረታ። ፖርሸም ሬንጅሮቨርም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ጎማው ፀሐይ ላይ ቆሞ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው የሞተ መኪና በጨረታ ምን ሊያወጣ እንደሚችል አስቡት ትላለች።

7. የክሩ ድምፅ እዚህ ላይ ተቀየረ። አንዱ መጥቶ የዱባዩ ወሬ የጋዜጣ ማጋነን ነው፣ በሺዎች ተጥለዋል የተባለውም ውሸት ነው ብሎ ቆረጠው። ሰላምታም የለ።

8. እህታችን ተመለሰች፣ ተቆጥታ። ሺህ አላልኩም፣ በእጄ ያጠብኩትን ነው ያወራሁት፣ አንተ ያኔ የት ነበርክ ብላ ጠየቀችው። እሱ መልስ አልሰጠም። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ቁጥሩ ይጋነን አይጋነን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሷ የነገረችን ባለ ዕዳ ሲሸሽ መኪናው ምን እንደሚሆን ነው።

9. አንድ ጥሩ አንባቢ የሁላችንንም ሐሳብ ያመሰቃቀለ ነገር ይዞ መጣ። የአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ የወደቀው በሴፕቴምበር 2008 ነው። ዓለም ሁሉ ገንዘብ አጥብቆ ይዞ በተቀመጠበት በሜይ 2009፣ ጣሊያን ማራኔሎ ውስጥ አንድ የ1957 ፌራሪ 250 ቴስታ ሮሳ ከ9 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። ያኔ በመኪና ጨረታ ይህን ያህል የወጣበት አልነበረም። በዚያው ሰሞን ላምቦርጊኒ ጋያርዶና ፌራሪ ኤፍ 430 ነጋዴ ቤት ተኮልኩለው ገዢ ያጡ ነበር። ፖርሸ ካሬራ ጂቲ አሜሪካ ውስጥ አዲሱ 440 ሺህ ዶላር ነበር፤ ያን ጊዜ ከዚያ እጅግ በታች ይጠየቅበት ነበር። ታዲያ አንድ ገበያ ነው ወይስ ሁለት ብሎ ጠየቀ።

የኔ መልስ፣ ሁለት ነው። ቴስታ ሮሳውን የሚገዛ ሰው ባንክ አይጠይቅም። እንዲያውም ባንክ ስለፈራ ነው መኪና የገዛው። ዲሴምበር 2008 ላይ የአሜሪካ ወለድ ዜሮ አጠገብ ሲደርስ ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ ምንም የማይወልድ ሆነ። ጋያርዶውን የያዘው ግን አብዛኛው በወር ክፍያ የያዘ ነው።

10. ይኼኛው መልስ የክሩ ምሰሶ ነው። የጻፉት ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ለረጅም ዓመት የሠሩ አባት ናቸው፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። እኔ ጨረታ ቤት ገብቼ አላውቅም፣ ግን የከተማውን መኪና ሁሉ ያቆምኩት እኔ ነኝ ይላሉ። በ2008 ክረምት የወር ከፋዮቻቸው መዝገብ ላይ ያዩትን ጻፉ። መጀመሪያ የጠፉት አዳዲሶቹ ናቸው። የቤት ብድር ሲያሻሽጥ የነበረ ወጣት ቢጫ ጋያርዶ ነበረው፤ አንድ ቀን በጭነት መኪና ተወሰደች። ሁለት ሌሎች ደግሞ ራሳቸው መጥተው ካርዳቸውን መለሱ። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ግራጫ ፖርሸ 911 ነበር፣ ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ጠበቃ። እሱ በዚያ ሁሉ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዘይቱን አይቶ ይመለስ ነበር። ዋጋው ስንት ገባ ብለው ቢጠይቁት አላየሁም አላቸው። ጋሼ ያን ሰውዬ ያመጡት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። መሸጥ ያላሰበ ሰው ዋጋ ቢወርድም አይጎዳም፣ ገበያውንም አያወርደውም።

11. አንድ የሜሪላንድ መካኒክ የጋሼን ሐሳብ ወደ ጋራዥ አወረደው። በድቀት ጊዜ መጀመሪያ የሚዘለለው ሰርቪስ ነው ይላል። የፌራሪ ቴስታሮሳን (የሰማንያዎቹን፣ መልስ 9 ላይ ካለው ሌላ ነው) የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረውን፣ ሲበጠስ ሞተሩን የሚሰብረውን ላስቲክ፣ ለመቀየር ሞተሩ ከነካምቢዮው መውረድ አለበት። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያጥረው ለከርሞ ይለዋል፣ ከርሞም ይደግመዋል። ከዚያ መኪናው ሲሸጥ ውጪው ያንጸባርቃል፣ ደረሰኙ ግን የለም። በድቀት የረከሰ መኪና አገኘሁ ብሎ የሚፈነጥዝ ሰው ያልተሠራውን ሥራ ሁሉ አብሮ እየገዛ ነው። ብዙ ሰው ይህን መልስ ወደደው። እኔም ወዳጄ ሁለቴ እንዲያነበው ልኬለታለሁ።

12. አሁን ደግሞ ከላስ ቬጋስ አንድ ጉልበተኛ መጣ። መኪናው ኖሯችሁ የማያውቅ ሰዎች ናችሁ የምታስተምሩት አለ። እሱ በ2010 የድሮ በአየር የሚቀዘቅዝ ፖርሸ 911 ገዝቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ በብዙ እጥፍ ሸጧል። በሜይ 2022 ስቱትጋርት ውስጥ አንድ የመርሰዲስ 300 ኤስኤልአር ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ መሸጡንም እንደ ማስረጃ አቀረበ። ገበያው ወለድም ድቀትም አይገባውም፣ የፈራ ይቅር ነው ያለው።

13. መካኒኩ (መልስ 11) ትዕግሥቱ አለቀ። ከዚያ መርሰዲስ የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ የሸጠውም ፋብሪካው ራሱ ነው፣ ገንዘቡ ለትምህርት ዕድል የሚውል ነው፣ ከአንተ ፖርሸ ጋር ምን አገናኘው አለው። በ2010 የገዛኸው ደግሞ ገበያው መሬት ነክቶ ወለዱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው፣ ዕድልህን እንደ ዕውቀት አትሽጥልን። ቃሉ ከረር ያለ ነው፣ ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ላስ ቬጋስም መልሶ ስድብ ቀላቅሎ ጻፈ፣ ያን አልደግመውም።

14. ክሩ ከመስመር የወጣው እዚህ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ መጥቶ እኛ ጋ እኮ መኪና ወርዶ አያውቅም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ይኼ በኛ አቆጣጠር ነው) አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። በኋላ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ምንዛሬውም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያለ ነገር ይታወቃል። ስለዚህ የአባቱ ኮሮላ ካረጀች በኋላ ከተገዛችበት ብር አስበልጣ ትጠየቃለች። አሥር ያህል ሰው ተከትሎት ስለ ቪትዝ፣ ስለ ቮልስ፣ ስለ ደላላ ኮሚሽን ማውራት ጀመረ።

15. አንዱ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ፣ ኮሮላ የስብስብ መኪና አይደለም አለ። ሦስት ሰው ደግሞ፣ ነው እንጂ ብሎ ተከራከረው።

16. የለንደኑ ወንድም (መልስ 1) ግን የአዲስ አበባውን ወሬ በጥሩ መንገድ መልሶ አገናኘው። ኮሮላዋ በብር ወጣች እንጂ በዶላር ስንት ነች ብሎ ጠየቀ። እንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2008 መጨረሻ ፓውንድ ወርዶ ከዩሮ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም ነበር። ጀርመኖችና ቤልጂጎች መጥተው የእንግሊዝን መኪና በርካሽ እያነሱ ሄዱ። እንግሊዛዊው ሻጭ በፓውንድ ዋጋዬ አልወረደም ብሎ ደስ አለው፣ ገዢው ግን በዩሮ ሲያስበው በቅናሽ ነው የወሰደው። አንድን መኪና ወረደ ወጣ ከማለታችን በፊት በምን ገንዘብ እንደምንቆጥር እንስማማ አለ። እኔ ያላሰብኩት ነጥብ ነው።

17. ይኼ የራሴ ነው። ከ2022 በኋላ ያለውን ማንም ስላላነሳ ጻፍኩት። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 ጀምሮ ወለዱን እያነሳ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው። በወረርሽኙ ጊዜ ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት ጨረታ ዓይኑን ጨፍኖ የገዛው ሰው ዋጋው ሲለሳለስ አየ። በይፋ የታወጀ ድቀት አልነበረም። ወለድ ብቻ በቃው። ጨረታ ስታዩ ደግሞ የተሸጡትን ብቻ አትቁጠሩ። ሻጩ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ሳይደርስ የተመለሰ መኪና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ በሽያጭ አይገባም። በክፉ ጊዜ ዋጋው የቆመ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሻጮች መኪናቸውን ይዘው ወደ ቤት ስለተመለሱ ነው። ከባንክ ጋር የተያዘ ሰው ያን ማድረግ አይችልም። ወዳጄ፣ ይህን የምጽፈው ላንተ ነው።

18. ያልጠበቅሁት ሰው ጻፈ። በ2006 ቤቱን አስይዞ አንድ የሰባዎቹ የአሜሪካ መኪና፣ ትልቅ ሞተር ያለው፣ በቴሌቪዥን በሚታይ ጨረታ ላይ ገዝቶ ነበር። ያኔ የእነዚህ መኪኖች ዋጋ በየወሩ ይጨምር ነበር። በ2009 ሰዓቱ ሲቀነስ ቤቱንም መኪናውንም ሊይዝ አልቻለም። መኪናውን ለመሸጥ ሦስት ነጋዴ ዘንድ ሄደ። ሁለቱ አናይም አሉት። ሦስተኛው የሰጠው ዋጋ ዕዳውን አልከፈለም፣ ቀሪውን ዕዳ መኪናው ከሄደ በኋላም ለዓመታት ከፈለ። ያ ዓይነት መኪና በኋላ ዋጋው ተመልሷል፣ እሱ ግን አልነበረውም። ላስ ቬጋስ እንኳ ለዚህኛው በጨዋነት ነው የመለሰለት፣ አይዞህ ወንድሜ ብሎ።

19. ወዳጄ ራሱ ብቅ አለ። አመስግኖ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። መኪናው 360 ነው፣ ባለ እጅ ማርሽ፣ የተነዳው ትንሽ ነው፣ ሻጩም ብዙ ስላልተነዳ ቺንጋው አልተነካም ብሎታል። ይኼ ጥሩ ምልክት ነው ወይ?

20. የሜሪላንዱ መካኒክ ወዲያው መለሰ። የ360 ቺንጋ በማይል ብቻ አይቆጠርም፣ ላስቲክ ነው፣ ቆሞም ያረጃል። ከወጣ ሃያ ዓመት ባለፈው መኪና ላይ የፋብሪካው ቺንጋ ካለ ሞተሩን ማስነሳት ራሱ አደጋ ነው። ባለ እጅ ማርሽ መሆኑ እውነትም ከሌላው ዓይነት ይሻላል፣ ፈላጊ አለው። ግን 360 በሺዎች የተሠራ መኪና ነው፣ ጂቲኦ አይደለም። ብድሩን ከመፈረምህ በፊት የሰርቪስ ደረሰኞቹን በሙሉ ጠይቅ፣ ሻጩ አልሰጥም ካለ ሂድ አለው። ጋሼም ጨመሩበት። ብድሩን ተወው፣ መኪናው የትም አይሄድም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይሸጣል አሉት። ወዳጄ ደረሰኞቹን ጠይቋል፣ ባንኩንም ለጊዜው አቁሙልኝ ብሏል።